ወንድሜን ከኦክላንድ ያስወጣሁበት ቀን

ልጅ እያለሁ የቤታችን አስተርጓሚ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ መጥተን ኦክላንድ ስንገባ እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ ብሩክ አሥራ አራት። በሁለት ዓመት ውስጥ እኔ በእንግሊዝኛ አፌን ፈታሁ። ብሩክ ይሰማል፣ ለመናገር ግን ያፍራል። እማዬ ደግሞ ሆቴል አልጋ እያነጠፈች የያዘችው «ኦኬ»ንና «ታንክ ዩ»ን ብቻ ነበር። ስለዚህ የቤቱ አከራይ ሲያንኳኳ፣ ከክሊኒክ ሲደወል፣ የማይገባ ደብዳቤ ሲመጣ የሚጠራው እኔ ነኝ። «ያሬድ! ና ምን እንደሚል ንገረኝ!» የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ስለ ኢንሹራንስ አወራ ነበር። የማላውቀው ቃል ሲያጋጥመኝ እዘለዋለሁ፣ ወይም ከራሴ እሞላዋለሁ። እማዬ አንድም ቀን ተጠራጥራኝ አታውቅም።

ብሩክ ከሞተ ሦስት ወሩ ነው። ብዙ መጻፍ አልችልም፤ ፊደሉንም ያስጨረሰኝ እሱ ነው። ግን አንድ ነገር አለ። በልጅነቴ ያደረግኩት።

ኦክላንድ የነበረን አንድ ክፍል ናት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቷ ወደ አውቶቡሱ መንገድ። ብሩክና እኔ አንድ ፍራሽ ላይ ነበር የምንተኛው። ጠዋት ከወደቡ በኩል እርጥብ ነፋስ ይገባል። ከሰዓት ደግሞ ታች ከሚቆመው የሜክሲኮዎች የምግብ መኪና የሥጋና የሽንኩርት ሽታ ይመጣል። እማዬ ከሥራ ስትገባ በረኪና በረኪና ትላለች። ሲረን አይጠፋም። ሰዉ ጮክ ብሎ ያወራል፣ ጮክ ብሎ ይሰዳደባል፣ ጮክ ብሎ ይስቃል። ብሩክና እኔ አውቶቡስ ስንሳፈር አንድ ጨዋታ ነበረን፤ ከተሳፋሪው ውስጥ ሹፌሩን የሚሰድበው የትኛው እንደሆነ ቀድሞ መገመት። ሁልጊዜ እሱ ነበር የሚያሸንፈው። ሐይቁ ዳር የሚውሉት ዝይዎች ያባርሩናል፤ ብሩክ እኔን ከፊት አድርጎ ይሮጣል፤ ስንቆም «ጩጬ፣ አንተን ሰጥቻቸው ላመልጥ ነበር እኮ» ይለኛል። ማዕዘኑ ላይ ካለው ሱቅ በር ላይ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ። ብሩክን «ሚስተር ኳየት»፣ ዝምተኛው ጌታ፣ ብለው ስም አወጡለት። ሲያልፍ ቆባቸውን ያነሱለታል። በዚያች ከተማ እማዬን «ማም»፣ እመቤቴ፣ ብለው በር የሚከፍቱላት ሰዎች ነበሩ፤ ቦርሳዋን የነጠቋትም እዚያው ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ብሩክ ጋሽ ሃብቶም ጋራዥ ይውላል። ጋሽ ሃብቶም በዕድሜ የገፉ ኤርትራዊ ናቸው፤ አዲስ አበባ ስለኖሩ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ብሩክን «ወደይ» ነበር የሚሉት፣ ልጄ እንደማለት። እማዬም መጀመሪያ ላይ ታመሰግናቸው ነበር። ብሩክ እዚያ ሲሆን ያወራል። መኪና ሥር ገብቶ እግሩ ብቻ እየታየ፣ ለእኔ አውርቶ የማያውቀውን ሁሉ ያወራል። እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። የብሬክ ዘይት ሽታ እስካሁን ያን በር ያስታውሰኛል፤ ቅናት ነበር መሰለኝ። ድሮ ቅዳሜ የእኔ ነበረች።

ሳን ሆዜ ደግሞ አጎቴ ጋሽ ታደሰ አለ፣ የእማዬ ወንድም። ለበዓል ስንሄድ ሌላ አገር ይመስለኝ ነበር። ፀሐይ። የታጨደ ሣር ሽታ። መንገዱ ሰፊ፣ ሰው የለበትም። እዚያ ሲረን ከሰማህ ጎረቤቱ ሁሉ መጋረጃ ይገልጣል። ጓሮው ውስጥ ትልቅ የሚያዘልል ትራምፖሊን ነበር። የአጎቴ ልጅ ሳሚ የእኔ እኩያ ነው፤ በአማርኛ ሳወራው በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል፣ አማርኛውን ግን ይሰማል። ማታ ወደ ኦክላንድ ስንመለስ መኪና ውስጥ አለቅስ ነበር። ብሩክ ግን ገና መንገዱ መሀል ያለችው ፍሪሞንት ሳንደርስ ጫማውን ያስራል፣ ለመውረድ የተዘጋጀ ይመስል።

አሥር ዓመት ሲሞላኝ አጎቴ የኋላውን ክፍል ልስጣችሁ፣ ኑ እዚህ ኑሩ አለ። እማዬ ልቧ ሁለት ሆነ። ሥራዋ ኦክላንድ ነው፤ ቦርሳዋን የተነጠቀችውም በዚያው ሰሞን ነበር። በዚያው ሳምንት የብሩክ ትምህርት ቤት ወላጅ ይምጣ ብሎ ጠራ። እማዬ «አስተማሪው የሚለውን ሰምቼ እወስናለሁ» አለች። ለብሩክ ደግሞ «አንተ አትተረጉምም፤ ሰው ስለራሱ ራሱ አይመሰክርም። ያሬድ ይመጣል» አለችው።

የተማሪዎች አማካሪ ክፍል ውስጥ አራታችን ተቀመጥን። ሰውየው ወደ እኔ እያየ ቀስ ብሎ ነበር የሚናገረው፤ የማላውቀው ቃል አልነበረም። ብሩክ ቃል አያበዛም፣ እጁ ግን የተባረከ ነው አለ። በመኪና ጥገናው ክፍል ከእሱ የሚስተካከል የለም። ለሚቀጥለው ዓመት ግማሽ ቀን ኮሌጅ፣ ግማሽ ቀን ጋራዥ የሚማርበት ቦታ ተይዞለታል፤ ይህ ደግሞ ያለው እዚህ ብቻ ነው። ጥሩ ጓደኞች አግኝቷል፤ አንድ ባለ ጋራዥ ትልቅ ሰውም እንደ አባት ሆነውለታል። «ለእናትህ ንገራት» አለኝ፤ «ከቻለች ከዚህ አታንሳው።»

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አለ?»

«ብሩክ ዝምተኛ ሆኗል ይላል» አልኩ። ይህ ግማሽ እውነት ነበር። ከዚያ ምላሴ ራሱ ቀጠለ። «ጓደኞቹ ጥሩ አይደሉም ይላል። ጋራዥ መዋሉ ጥሩ አይደለም ይላል። ቦታ ቢቀየርለት ይሻላል ይላል።»

እማዬ እንባዋ መጣ። ተነስታ የሰውየውን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ አለች፤ «ታንክ ዩ፣ ታንክ ዩ» አለችው። ሰውየው የደስታ እንባ መስሎት መሐረም አቀበላት፣ የእሱም ዓይን ረጠበ። እኔ ብሩክን አየሁት። እሱ ጥፍሩ ውስጥ የቀረውን ዘይት ያያል። ከዚያ ቀና ብሎ አንድ ጊዜ አየኝ። የሰውየውን እንግሊዝኛ ሰምቷል። የእኔንም አማርኛ ሰምቷል። አፉን ከፍቶ አንድ ቃል ቢናገር እማዬ እዚያው ታውቅ ነበር፤ እኔም ቤት ስንደርስ ቀበቶ ይጠብቀኝ ነበር። ዝም አለ።

ኮሪደሩ ላይ እማዬ ቀደም ስትል ብሩክ ጆሮዬን ያዝ አደረገና «ዮሴፍን እንኳ ወንድሞቹ በሃያ ብር ነው የሸጡት። አንተ በምን ሸጥከኝ?» አለኝ። «በትራምፖሊን?» አለና ሳቀ። ጆሮዬን አላሸውም፤ ቢያሸው ይሻለኝ ነበር።

ሳን ሆዜ ገባን። እማዬ በየቀኑ በሁለት አውቶቡስ ወደ ሥራ ትሄዳለች። ትራምፖሊኑ በመጀመሪያው ወር ተቀደደ። የብሩክ አዲስ ትምህርት ቤት ትልቅ ነበር፣ ንጹሕ ነበር፤ የጥገና ክፍል ግን የለውም። መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ኦክላንድ ልሂድ አለ። እማዬ «ከዚያ አውጥቼህ ተመልሰህ ልትገባበት?» ብላ ከለከለችው። ጋሽ ሃብቶም ደወሉ። እማዬ ስልኩን አንስታ «ልጄን ይተዉልኝ» አለቻቸውና ዘጋች። ሦስታችንም እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርን። ብሩክ ያኔም ዝም አለ።

እኔ ግን ያሰብኩት ተሳካልኝ፤ ይህን መደበቅ አልችልም። ወንድሜ የእኔ ሆነ። ከእኔ በቀር ማንም አልነበረውማ። ቁጭ ብሎ ፊደል ያስጠናኛል፣ ኳስ ያቀብለኛል። አመሻሽ ላይ በሰፊው መንገድ ዳር እንሄዳለን፤ በእግሩ የሚሄድ ሌላ ሰው የለም፣ የሣር ማጠጫው ብቻ ትስ ትስ ይላል። አንድ ቀን «ኦክላንድ ትሰድብሃለች፣ ግን ስም ታወጣልሃለች» አለኝ። «ይቺ ደግሞ ጨዋ ናት፣ መንገድ ትለቅልሃለች። ማነህ ብላ ግን አትጠይቅም።» እንዲህ ሲል አልተማረረም። የአየር ጠባይ የሚነግረኝ ይመስል ነበር።

ትምህርት ሲጨርስ ፍሪሞንት ፋብሪካ ገባ፤ ሳጥን ይጭናል፣ ሳጥን ያወርዳል። ወር በገባ አንድ ቅዳሜ ለእማዬ «ኦቨርታይም አለብኝ» ይላታል። ሲመለስ የብሬክ ዘይት ይሸታል። እኔ አውቃለሁ፤ ማወቄንም ያውቃል። የእኔን ውሸት ላለማውጣት የራሱን ውሸት ይዋሽ ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው ስንት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ። «ብሩኬ» ስለው «ምን ፈለግክ ጩጬ? መኪናውን?» ይለኛል፤ እኔም መኪናውን እቀበላለሁ።

ሥራ ቦታ ልብስ ሲቀይር ወደቀ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሆስፒታል ዶክተሯ ወጥታ ስትናገር እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አለች?» ያን ቀን አንድ ቃል አልቀየርኩም። መቀየር ፈልጌ ነበር። ልቡ ላይ ሲወለድ ጀምሮ የነበረ እንከን ነው ብላለች፤ ኦክላንድም ቢቀር ያው ልብ ነው። ሞቱን እኔ አላመጣሁም። የኖረበትን ግን እኔ መረጥኩለት።

ለቅሶው ላይ ጋሽ ሃብቶም መጡ፤ ከዘመዱ ሁሉ በላይ አለቀሱ። እማዬ ፊቷን አዞረችባቸው። ሴቶቹ ሲያጽናኗት እሳቸው እየሰሙ «ያ አስተማሪ እግዜር ይስጠው፤ ከመጥፎ ሰው እጅ አውጪው ብሎ መከረኝ። እሱ ባይኖር ልጄን ቀድሜ ባጣሁት» አለች። ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ ተቀመጡ። ከዚያ ሳይሰናበቱ ወጡ። እኔ ውኃ እያደልኩ ነበር፤ ማደሌን ቀጠልኩ።

አርባው ካለፈ በኋላ ጋሽ ሃብቶም ደወሉልኝ። «የብሩክ መፍቻዎች እኔ ጋ አሉ፣ ወደይ። መጥተህ ውሰድ።» እማዬ አጠገቤ ነበረች። «እዚያ ምን ይሠራ ነበር?» አለች። «ይሄድ ነበር እማዬ። ኦቨርታይም ሲል እዚያ ነበር።» «የልጄ ዕቃ ነው» ብላ ነጠላዋን አንስታ ቀድማኝ መኪናው ውስጥ ገባች።

ፍሪሞንትን ስናልፍ፣ ሃይዌዩ እንደ ልማዱ በመኪና ተዘግቶ፣ መስኮቱን እያየች «እስቲ ያ አስተማሪ ስለ ልጄ ያለውን እንደገና ንገረኝ» አለች። ልታጣራ አልነበረም። ልጇ በሰው አፍ ሲነሳ መስማት ፈልጋ ነበር።

መሪውን ይዤ ነገርኳት። እጁ የተባረከ ነው አለ። ቦታ ተይዞለታል አለ። ጥሩ ጓደኞች አሉት አለ። ባለ ጋራዡ እንደ አባት ሆነውለታል አለ። ከቻልሽ አታንሺው አለ።

መጀመሪያ ፈገግ ብላ ነበር። «እጁ የተባረከ» ስል ራሷን ነቀነቀች። የመጨረሻውን ስነግራት ግን ዞራ አየችኝ።

«አታንሺው?»

«አዎ እማዬ።»

«አንተ እንዲያ አላልከኝም።»

«አላልኩሽም።»

«ብሩክ ሰምቶ ነበር?»

«ሰምቷል።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ኦክላንድ መቃረባችንን የሚያሳየውን የአላሜዳ ምልክት አለፍን። ከዚያ ለራሷ በሚመስል ድምፅ «ሰውየውን ለቅሶ ላይ ፊት ነሳኋቸው» አለች። «ልጄን እንደ ልጃቸው የያዙትን ሰው።»

ጋራዡ በር ላይ መኪናው ሳይቆም ልትወርድ ነበር። ጋሽ ሃብቶም እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወጡ። እማዬ ሄዳ ጉልበታቸው ላይ ልትወድቅ ስትል በሁለት ክንዳቸው ያዟት። ታለቅሳለች፣ ትናገራለች፣ ቃሏ አይለይም። በትከሻዋ አሻግረው ወደ እኔ አዩ። «ምን ትላለች፣ ወደይ?»

«ይቅርታ እየጠየቀችዎት ነው» አልኩ። «ጥፋቱ ግን የእኔ ነው።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ እየተንተባተብኩ። ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ። ሲሰሙ እማዬን አልለቀቋትም። ስጨርስ «ስለምን እንደ ድሮው በየቅዳሜው እንደማይመጣ ብዙ ጊዜ ጠይቄው ነበር» አሉ። «ከተማ ቀይረን ነው፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ብቻ ይለኝ ነበር።» እማዬን ወንበር ላይ አስቀምጠው ውኃ ሊያመጡላት ገቡ።

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ለሁለት ቀን ከእኔ ጋር አልተነጋገረችም። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ገባች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «ያልነገርከኝ ሌላ ምን አለ?» አለችኝ። ስለ ዝይዎቹ ነገርኳት። በማግሥቱ ስለ አውቶቡሱ ጨዋታ ነገርኳት፤ ከዚያ ማዕዘኑ ላይ ስለሚቀመጡት ሽማግሌና ስላወጡለት ስም። እሷ ሥራ ላይ እያለች የኖርነውን ኦክላንድ አታውቀውም ነበር። ያኔ፣ ልጅ ሆኜ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመቀየር አንድ ትንፋሽ በቃኝ። አሁን ቀኑን ሙሉ አስባለሁ፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣ እንደነበረው ለማለት። ሳን ሆዜ አመሻሹ ላይ ጸጥ ይላል። እማዬ በረኪና የበላውን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አፌን ታያለች።

«እሺ» ትለኛለች። «ከዚያስ ልጄ ምን አለ?»