ጅቡ ሄዶ፣ ከነጠላ ሰረዙ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ኩን ራፒድስ በምትባል የፈረንጅ አገር ከተማ ውስጥ፣ ጋራዣችን ደጃፍ ላይ፣ በበቆሎ ጭስ መሐል ነው። የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ አስካለ አብረውን ይኖሩ ነበርና፣ ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ሰሞን ማታ ማታ ግሪሉ ላይ ከሰል አቀጣጥለው እሸት ይጠብሱልን ነበር። አባቴ ግሪሉን የገዛው ለበርገር ነበር፤ እሳቸው ግን በርገርን «የታኘከ ሥጋ» ብለው ስለናቁት በቆሎው ወረሰው። ያኔ የደጁን መብራት አጥፍተን በፍሙ ብርሃን እንቀመጥ ነበር፤ ለማማር ሳይሆን ትንኝ እንዳይሰበሰብብን።

እትዬ አስካለ አንድ ክፉ አመል ነበራቸው። ተረቱ ሲጥም በቆሎ ሊያገላብጡ ይነሣሉ።

«ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ፣» ይሉና ዝም።

«እና?» እላለሁ።

«ደጅ አንኳኩቶ፣» ይሉና ፍሙን ያራግባሉ።

«እና?»

«የመሸብኝ እንግዳ ነኝ ብሎ፣» አሁንም ዝም። በመጨረሻ በቆሎው ሲደርስ «ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይላሉ፣ እኔም ትንፋሼ ይመለሳል። ጅቡ የተነጠፈለትን ቁርበት ሌሊቱን ሙሉ ሲቆረጥም እንዳደረ ሰምተን ስናበቃ፣ ዳቦ ስለሌለ «አፌን በበቆሎ አብሱ» ብለው ይዘጉታል።

አራተኛ ክፍል ስገባ አስተማሪያችን ቤታችን የሰማነውን ተረት በእንግሊዝኛ እንድንጽፍ አዘዘችን። እኔም የእትዬን ጅብ እሳቸው እንደሚያወሩት፣ እሳቸው ዝም ባሉበት ሁሉ ነጠላ ሰረዝ እያስገባሁ ጻፍኩት። «ዘ ሃይና ዌንት፣ ሂ ኖክድ፣ ሂ አስክድ» እያለ ገጹ አለቀ፤ ነጥብ የነበረችው አንዲት፣ እሷም ታች ጥጉ ላይ። ወረቀቱ ቀይ በቀይ ሆኖ ተመለሰ። አስተማሪዋ እናቴን አስጠርታ ስህተቱ «ኮማ ስፕላይስ» እንደሚባል ነገረቻት፦ ሁለት ሙሉ ዐረፍተ ነገሮችን በነጠላ ሰረዝ ብቻ ማጣበቅ። ብዙ ልጆች ይሳሳቱታል፣ እስከ ዓርብ አስተካክላ ታምጣ፣ ብላ ነበር። እናቴ ግን የሰማችው ሌላ ነው።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ያን ማታ፣ የፋብሪካ ባጇን ሳታወልቅ ከግሪሉ አጠገብ ቆማ። «ልጅቷ ኢንግሊሹ እየተበላሸባት ነው። ቲቸሯ ሴንተንሱን ሁሉ ኮሬክት አድርጋዋለች። ለጊዜው ተረቱ ቢቀርባትስ?»

«ጅቡ ነው ያበላሻት?»

«ኧረ ጅቡስ ምን አደረገ፣ አማርኛው ነው እንጂ።»

ይከራከሩልኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን በቆሎውን አገላበጡና «እንግዲህ ለትምህርቷ ከሆነ ይቅር» አሉ፤ በቃ። ያን ማታ ጋራዡ ደጃፍ ያለ ተረት በቆሎ ብቻ ግጠን ገባን፤ ወረቀቱ ካልተስተካከለ የበረዶው ወራትም እንዲሁ ያለ ተረት ሊገባ ነው ብዬ ፈራሁ።

በማግስቱ አስተማሪዋ መፈተኛውን አሳየችን። ነጠላ ሰረዙን በጣት ሸፍኑት፤ ግራውን ለብቻው፣ ቀኙን ለብቻው አንብቡ። ሁለቱም ብቻቸውን መቆም ከቻሉ ነጠላ ሰረዝ ብቻ አይበቃቸውም፤ ወይ ነጥብ ይግባ ወይ ማያያዣ ቃል። ጅቤን ሞከርኩት። «ዘ ሃይና ዌንት» ቆመ። «ሂ ኖክድ» ቆመ። ሁሉም ቆመ። ግን ለምን? እትዬ ሲያወሩት ተንጠልጥሎ የሚገድለኝ ነገር እኔ ስጽፈው በምን እግሩ ቆመ?

ማታ በቆሎዬን በዝምታ ስግጥ «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ» አልኩ በልቤ። ወዲያው ምላሴ ላይ «እና?» መጣ።

«ሄዶ አይዘጋም!» ብዬ ጮህኩ። «ዌንት ግን ሄደ ነው፣ ይዘጋል!»

«ምኑ ነው የሚዘጋው?» አሉ እትዬ።

«ሴንተንሱ! እርስዎ ሳይዘጉት ነው የሚያልፉት፣ እኔ ግን ዘግቼው ኮማ አደረግሁበት!»

ፍሙን በመቆስቆሻው ነካ ነካ አደረጉና ሳቁ። «እኔማ ብዘጋው ተነሥተሽ ትተኛለሽ። ለዚያ ነው የማልዘጋው።»

አንዱን በነጥብ፣ አንዱን በ«ኤንድ»፣ አንዱን በ«አፍተር» አስተካከልኩት። ዓርብ ስመለስ ወረቀቱ ላይ የቀረው ቀይ ለአንድ የፊደል ስህተት ብቻ ነበር። እናቴ ቆማ አነበበችው፣ ደገመችው፣ ከዚያ የራሷን ወንበር ይዛ ወደ ጋራዡ ወጣች። «እትዬ፣ ዛሬ ከመጀመሪያው ይጀምሩልኝ» አለች።

ዛሬ እዚያው አቅራቢያ ሴንት ፖል ከተማ፣ ስኔሊንግ አቨኒው ከሚባለው ጎዳና ብዙ በማይርቅ ትምህርት ቤት፣ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። እንደኛ ካሉ ቤቶች የመጣ ልጅ ዐረፍተ ነገር ሲያጣብቅ ቀይ ብዕር አላነሣም፤ መጀመሪያ በቤትህ ቋንቋ አውራልኝ እለዋለሁ። አፋን ኦሮሞ የሚናገሩትም ያው ናቸው፤ የእነሱም ግስ ሳይዘጋ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ልጁ ባረፈ ቁጥር «እና?» እላለሁ። «እና?» የሚያስብል ቦታና የማያስብል ቦታ መለየት ሲጀምር፣ የቀረውን ራሱ ያርመዋል።

እትዬ አስካለ አርጅተዋል፤ መርሳትም ጀምረዋል። ባለፈው መስከረም ያው ጋራዥ ደጃፍ ተቀምጠን፣ ጠባሿ እኔ ሆኜ፣ ሳልጠይቃቸው ጀመሩ። «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ፣» አሉና ዝም። የድሮ አመላቸው መስሎኝ ፈገግ ብዬ ጠበቅኩ። ዝምታው ረዘመ። ቀና ስል ትክ ብለው እያዩኝ ነው፣ ዐይናቸው እንደ ልጅ ፈጦ።

«እና?» አሉኝ።

ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ልነግራቸው እችል ነበር። ግን ብዘጋው ተነሥተው ይተኛሉ።

«ደጅ አንኳኩቶ፣» አልኳቸውና በቆሎውን ላገላብጥ ተነሣሁ።