ሠላሳ ስምንት ላይ የቆመው ቁጥር

እስቲ ያን ስክሪን ተመልከቱ። ከታች በስተቀኝ፣ ከአረንጓዴው ነጥብ አጠገብ፣ «38 ዲግሪ» ይላል። ጠዋት ስትገቡ 38 ነው። ከምሳ ስትመለሱም 38 ነው። ነገ መጥታችሁ ብታዩት ያው 38 ነው። እኛ ስክሪኑ ባለበት ሆስፒታል የምንሠራ ሰዎች በስክሪኑ ፊት ስናልፍ «አረንጓዴ ነው፣ ሰላም ነው» እያልን ሦስት ሳምንት ሙሉ አለፍነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ሙቀት ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። እኔም አለፍኩት። ዓይን አለን እንላለን እንጂ ያለን መነጽር ማሳረፊያ ነው።

ያየችው አንዲት ሴት ናት። ስለ እሷ የምጽፈው ሌላ ሰው እንደማይጽፍ ስለማውቅ ነው። የምስጋና ወረቀት በየዓመቱ ይታደላል፤ አንድም ቀን በእሷ እጅ አላየሁም።

አርባ አራት ዓመቷ ነው። የምትሠራው ምድር ቤት፣ በልብስ ማጠቢያውና በዕቃ ግምጃ ቤቱ መካከል ባለች ጠባብ ክፍል ነው፤ ከጀርባዋ ባለው የብረት በር በኩል ወደ ማሽኖቹ ክፍል ይገባል። ሁላችንም የምንጠራት «እትዬ ለምን» እያልን ነው። ስሙ የወጣላት በገባችበት ሳምንት ነው። አለቃው እያስጎበኛት «ይቺን ማሽን ሰኞ ሰኞ አጥፍተን እናበራታለን» አላት።

«ለምን?»

«ለምዶብን ነዋ።»

«በማን ነው የለመደው፣ በማሽኗ ወይስ በእናንተ?»

አለቃው ሳቀ። ግን ከዚያ ወዲህ ከእሷ ጋር ሲነጋገር ወንበሩ አይመቸውም።

ሥራዋን ላስረዳችሁ፤ አትፍሩ፣ እኔም ገብቶኛል። የሕሙማኑ ራጅና የደም ውጤት የሚቀመጥበት ትልቅ ኮምፒውተር ሰርቨር ይባላል። በሆዱ ውስጥ ጥፍር የምታህል ቺፕ አለች። ትልቁ ማሽን ቢጠፋ እንኳ እሷ አትጠፋም፤ ሙቀት ትለካለች፣ ማራገቢያው መዞር አለመዞሩን ታያለች፣ ኤሌክትሪኩን ትከታተላለች። ዘበኛ በሏት። ታዲያ ዘበኛዋ የራሷ ቋንቋ አላት። ኮምፒውተሩን የሚመራው ኦፐሬቲንግ ሲስተም «እንዴት ዋልሽ?» ቢላት አትሰማውም። በመካከላቸው ቆሞ የሚያነጋግራቸው ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ያስፈልጋል። ጥያቄውን ፊደል በፊደል ያቀብላል፤ ዘበኛዋ «ተቀብያለሁ» የምትል ምልክት እስክታነሳ ይጠብቃል፤ ሌላ ፊደል ያቀብላል። ከዚያ መልሱን በዚያው መንገድ ፊደል በፊደል ይለቅማል፤ መጀመሪያ ባሳየኋችሁ ስክሪን ላይ የሚወጣው ቁጥርም ያ መልስ ነው። አንድ ምልክት ከተሳተ ሁሉም ነገር ይበላሻል።

የማሽኖቹ ሻጭ «ለእናንተ ሲስተም ድራይቨር የለንም፤ አዲስ ማሽን ግዙ» ብሎ ጆሮውን ደፈነ። እሷ አልደፈነችም። ማንም ሳያስተምራት፣ ስድስት መቶ ገጽ መመሪያ አትማ፣ ዳሩ በሻይ ብርጭቆ ክብ እስኪዥጎረጎር አንብባ፣ በአሥራ አራት ወር ጻፈችው። ሲሠራ ያየ ሁሉ «ለእኛም» አለ። ለዘጠኝ ሆስፒታሎች በነፃ ሰጠች። እነዚያም ለሌሎች ሰጡ። ዝርዝር የያዘ የለም።

ይህን ያህል ትዕግሥት ከየት አመጣች ያላችሁ እንደሆነ፣ አባቷን ተመልከቱ። አርባ ዓመት ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ። የምድጃውን መለኪያ አያምኑም፤ መጀመሪያ የእጃቸውን ጀርባ ወደ ምድጃው በር ጠጋ ያደርጋሉ፣ ከዚያ መርፌውን ያያሉ። «የደህና ምድጃ መርፌ ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣል» ይላሉ። «ፀጥ ካለ፣ ወይ ምድጃው ሞቷል ወይ መርፌው ሞቷል።»

ልጅትም ይህንኑ ወረሰች። ጠዋት ጠዋት ስክሪን ከማየቷ በፊት በየማሽኑ ጀርባ እየዞረች እጇን ታስጠጋለች። አብሯት የሚሠራ፣ ሁሉን ነገር ስለሚያጣድፍ «ቶሎ ቶሎ» የምንለው ባልደረባዋ ይስቅባታል።

«እትዬ፣ ትኩሳት አላቸው እንዴ? ሽሮፕ ላምጣላቸው?»

«ሽሮፑስ ለአንተ ነው። ትኩሳቱ ያለው አፍህ ላይ ነው።»

ከዚያ አባቷ ዓይናቸውን ቀዶ ሕክምና ተደረጉና እሳቸውን ለማስታመም ሦስት ሳምንት ፈቃድ ወጣች። በሦስት ሳምንት ውስጥ በማሽኖቹ ጀርባ እጁን ያስጠጋ ሰው አልነበረም። ለምን ይነካል? ስክሪኑ አረንጓዴ ነው!

በተመለሰች ዕለት ጠዋት፣ ኮሪደሩ ላይ አምፖል ስቀይር ስሜን ጠራች። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው፤ እሷ ስትደነግጥ ዝግ ትላለች።

«ሙቀት መለኪያህን ይዘህ ና።»

ሦስተኛው ማሽን ጀርባ ቆማለች። እጄን ሳስጠጋ ወደኋላ ሰበሰብኩት፤ የሚወጣው አየር እንደ ምድጃ አፍ ይጋረፋል። መለኪያዬ 67 አለ። ስክሪኑ 38 ይላል። ከሁለቱ ማራገቢያዎች አንዱ በአቧራ ታፍኖ ቆሟል። በዚያ ማሽን ውስጥ የዚያን ቀን ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ሰዎች ራጅ አለ። ሳትጮኽ፣ ሳትሮጥ፣ ሥራውን ወደ ሌላ ማሽን አዛወረችና አጠፋችው። አንድም ራጅ አልጠፋም። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና የጻፈችውን ፕሮግራም ከላይ እስከ ታች ማንበብ ጀመረች።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ «አገኘሁት» አለች።

«የማን ጥፋት ነው?» አልኳት። እውነቱን ለመናገር፣ የቶሎ ቶሎን ስም ለመስማት ጆሮዬን አቁሜ ነበር።

«የእኔ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ዘበኛዋ ቺፕ ሥራ ሲበዛባት አንዳንዴ ቶሎ አትመልስም ነበር። መልስ በቀረ ቁጥር ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። አለቃው «ይህን ጩኸት አስወግጂልኝ» አለ። እሷም ሦስት መስመር ጨመረች፦ መልስ ካልመጣ የመጨረሻውን መልስ ድገም። ለአንድ ሁለት ሰከንድ ያህል ምንም ክፋት የለውም። ግን «እስከ መቼ ድረስ ድገም?» የሚለውን ሳትጽፍ ቀረች። ሰውን ሁሉ «ለምን» ስትል የኖረችው ሴት፣ አንድ ቀን ደክሟት የራሷን ሦስት መስመር «እስከ መቼ?» ሳትል አሳለፈች። ቺፗ ጭራሽ ስትደነዝዝ ድራይቨሩ የድሮውን 38 እየደጋገመ ይምላል። ሙቀት ሲያልፍ ማሽኑን የሚያጠፋው ፕሮግራምም ያንኑ 38 አይቶ ዝም ይላል።

በዘጠኙ ሆስፒታሎችም ያለው ይኸው ነው።

ወደ አለቃው ቢሮ ስትገባ በሩን አልዘጋችውም፤ እኔም ኮሪደሩ ላይ መሰላል ላይ ነበርኩ። አምፖሉ ግን ከተቀየረ ቆይቷል።

«አስተካክለሽ አዲስ ነው ብለሽ ላኪላቸው» አላት፣ ለዘጠኙም ደውላ ጥፋቱን ልትናገር መሆኑን ሲሰማ። «ምን አስለፈለፈሽ?»

«አዲስ ነው ብላቸው ሲመቻቸው ነው የሚጭኑት፣ ጋሼ። ስድስት ወር ሊያቆዩት ይችላሉ። ዛሬ እንዲነኩት ነው የምፈልገው።»

«ማን ይጠይቅሻል?»

«ማንም አይጠይቀኝም። ለዚህ እኮ ነው መናገር ያለብኝ።»

አለቃው መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጣል ሲያደርግ ሰማሁ። «አይተሽዋል? የክፍሉ ኃላፊ እንድትሆኚ የጻፍኩት ነው። የቀረው ፊርማ ነው። ዛሬ ስልክ አንስተሽ ‹ሰው ሊገድል የሚችል ነገር ጽፌ ሰጠኋችሁ› ብለሽ ካወራሽ፣ እኔ ይቺን እንዴት እፈርማለሁ? ስምሽን አስቢ እንጂ!»



«ስሜማ እዚያ ፕሮግራም ላይ ተጽፏል» አለች። «ከላይ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ።»

ወጥታ ስልክ አነሳች፤ ድምፁን ከፍታው ስለነበር እኔም እሰማለሁ። ዘጠኙንም ተራ በተራ። የመጀመሪያው ቦታ የመለሰላት ሰው ቀልደኛ ነው።

«የራሱን ጉድ ደውሎ የሚናገር ሰው ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው። ጤና ነሽ እህቴ?»

«እሱን በኋላ ትመረምረኛለህ። አሁን ሄደህ የእጅህን ጀርባ ከማሽኑ ኋላ አድርግ።»

«ስክሪኑ እኮ...»

«ስክሪኑን ተወው አልኩህ! እጅህን።»

የእግሩ ኮቴ ሲርቅ ተሰማ። ከዚያ ከሩቅ፦ «ኧረ በእናቴ! ይፋጃል እኮ!»

ከዘጠኙ በሁለቱ ቁጥሩ ቆሞ ነበር። ሁለቱም በዚያው ቀን ዳኑ። ማታውን የሆነውን ለአባቷ ስትነግራቸው፣ በታሸገው ዓይናቸው በኩል ሳይሆን በደህናው እያዩ «ታዲያ ምን ይጠበስ?» አሏት። «እኔስ ዳቦ ባረረብኝ ቀን ‹ጥቁር ዳቦ ነው፣ አዲስ ዓይነት ነው› ብዬ ሸጫለሁ? ‹አረረብኝ፣ ነገ ኑ› ነበር የምለው። ነገም ይመጡ ነበር።»

ደብዳቤው ወደ መሳቢያው ተመለሰ። ከወር በኋላ የክፍሉ ኃላፊ ቶሎ ቶሎ ሆነ። እኔ በንዴት ስበግን እሷ የምታስበው ሌላ ነው። ድራይቨሩን አሻሽላለች፤ አሁን መልስ ከአሥር ሰከንድ በላይ ካረጀ ቁጥሩ ጠፍቶ «አላውቅም» የሚል ይወጣል። «አላውቅም» የሚል ማሽን ሠራች! እኔ «አላውቅም» የሚል አለቃ እስካሁን አላየሁም። ቶሎ ቶሎ ራሱ፣ ልንገራችሁ፣ ባለፈው ሰኞ ማንም የሌለ መስሎት በማሽኖቹ ጀርባ እጁን ሲያስጠጋ አገኘሁት። ሳየው «አቧራ እያየሁ ነው» አለኝ።

እትዬ ለምን ግን እንቅልፍ የነሳት አንድ ነገር አለ። ዘጠኙ ያደሏቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑ አታውቅም። ያኛው ለዚያኛው፣ ያም ለጓደኛው ሰጥቷል። ዘጠኙን እየደወለች ጠይቃ አሥራ አንድ ሌሎች አገኘች፤ እነዚያም «ለአንድ ሰው ሰጥቼ ነበር፣ ስሙን እንጃ» ይሏታል። አንድ ቦታ፣ አንድ ምድር ቤት ውስጥ፣ አሁን ይህን ስታነቡ 38 እያለ የሚምል ስክሪን ሊኖር ይችላል።

ስለዚህ እናንተን እለምናለሁ። የምትሠሩበት ቦታ ሰርቨር ካለ፣ ነገ አትበሉ፤ ተነሱና የሙቀቱን ቁጥር ተመልከቱ። ከቁርስ እስከ ምሳ ካልተንቀሳቀሰ የእጃችሁን ጀርባ ከኋላው አስጠጉ። የሚጋረፍ ከሆነ አጥፉት፤ ከዚያ ድራይቨሩን የሰጣችሁን ሰው «አንተስ ከማን ወሰድከው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ እሱም የሰጠውን ይጠይቅ። ሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ስልኩን የምታነሳ ሴት አለች። እባካችሁ ደውሉላት።