የሎሚ ልጣጩ ገጽ

የኮሌጃችን የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ባለፈው ሳምንት ደረጃ ላይ አገኘኝና ዓይኑን በጨው አጥቦ «አሁንም አኩርፈሃል እንዴ?» አለኝ። አዎ፣ አኩርፌያለሁ። ይህን የምጽፈውም ንዴቴ ሳይበርድ ነው። ንዴት ሲበርድ ሰው ይቅር ማለት ይጀምራል፤ እኔ ደግሞ እሱን ይቅር ማለት አልፈልግም። ራሴንም ጭምር።

ታሪኩ ግን የእኔ ሳይሆን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ነው። ተማሪዎቹ ከጀርባዋ «እትዬ ምንጭ» ይሏታል፤ እኔም እንደዚያው ልበላት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች አንድ ትምህርት ስታስተምር ኖራለች፦ ኢንተርኔት ላይ መረጃ እንዴት እንደሚፈለግ፣ የተገኘውስ እውነት ይሁን ውሸት እንዴት እንደሚለይ። ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ሃያ ስድስት ኮምፒውተር አለው፤ አራቱ አይነሱም። የኮሌጁ የኮምፒውተር ቴክኒሻን እኔ ስለሆንኩ አራቱ የእኔ ኃፍረት ናቸው። መለዋወጫ ጠይቄ ጠይቄ ሰልችቶኛል።

ተማሪዎቹ የመጀመሪያ ቀን ሲመጡ እየተሳሳቁ ነው። «ቲቸር፣ ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ደግሞ ትምህርት ነው?» ይላሉ። እሷ አንድ ጥያቄ ትሰጣቸዋለች። ይጽፋሉ፣ ከላይ የመጣውን የመጀመሪያውን ይገለብጣሉ፣ ከዚያ ወንበራቸውን ደገፍ ይላሉ።

«ማን ነው የጻፈው?» ትላለች።

«ኢንተርኔት።»

«ኢንተርኔት የአባቱ ስም ማነው? ምን ተምሯል? የት ነው የሚሠራው?»

ክፍሉ ይስቃል፣ እሷ አትስቅም። አንድ ጊዜ አንድ ተመራቂ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን አምጥቶ ከኋላው አሥራ አራት ምንጮች ደርድሯል። ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ፈለገቻቸው። ዘጠኙ በዚህ ዓለም የሉም። ድምጿ እኔ ጋ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ፦ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» ልጁ ምን ብሎ መለሰ? «ቲቸር፣ ማን ያየዋል ብዬ ነው።» እውነቱን ነው፤ ከእሷ በቀር ያየ አልነበረም። አማካሪው ፈርሞበታል።

ይህ ቁጣ ከየት እንደመጣ የገባኝ ስለ ወንድሟ ስትነግረኝ ነው። እናትና አባታቸው ያረፉት እሷ ሰባት ዓመቷ ሳለ ነው። ታላቅ ወንድሟ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ እያሽከረከሩ አሳደጓት፣ እያሽከረከሩ አስተማሯት። እሳቸው ከአራተኛ ክፍል በላይ አልሄዱም። ዛሬም ድረስ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ይደውሉና «ምሳ በላሽ?» ይሏታል፣ አምሳ ዓመት የሞላትን ሴት። «እኔን ለማስተማር መንገድ ላይ ያለቀ ሰው አለ፤ እነዚህ አንድ ገጽ እስከ ታች ማንበብ ይሰለቻቸዋል» ትለኝ ነበር፣ ጥርሷን ነክሳ።

አሁን ወደ ገጹ ልምጣ።

የዛሬ አራት ዓመት አንድ ዘዴ መጣላት። «ምክር ሰለቻቸው። ውሸት ራሱ ይምከራቸው» አለችኝ። ቁጭ ብላ በሬ ወለደ የሆነ ጽሑፍ ጻፈች። የሎሚ ልጣጭ ተቀቅሎ ውሃው ቢጠጣ የደም ግፊትን በአርባ ቀን ይነቅላል፤ ኪኒን ግን ኩላሊት ያደርቃልና ወዲያው መተው አለበት። በዓለም ላይ የሌለ ዶክተር፣ በዓለም ላይ የሌለ መጽሔት ጠቀሰች። እኔ የኮሌጁን ማህተም አድርጌ ድረ ገጻችን ላይ ለጠፍኩት፤ ማህተም ሲያዩ ተማሪዎቹ ያምናሉ፣ ይኼ ነበር ወጥመዱ። ከምንጮቹም በታች፣ መጨረሻው ላይ፣ በቀይ ቀለም እንዲህ የሚል መስመር አስገባን፦ «ይህ ጽሑፍ ለማስተማሪያ የተዘጋጀ ፈጠራ ነው። እስከዚህ ካነበብክ ጎበዝ ነህ።»

ከሠላሳ ተማሪ አራት አምስቱ ቀዩ መስመር ጋ ይደርሱ ነበር። ሲደርሱ የሚያወጡትን ድምፅ ትወደው ነበር። ሌሎቹ ያፍራሉ፣ ያፈሩትም አይረሱትም። ጥሩ ትምህርት ነበር፣ ዛሬም እላለሁ። ስህተታችን አንድ ብቻ ነው፦ እውነቱን መጨረሻ ላይ አስቀመጥነው፣ መጨረሻውን ደግሞ ሰው እንደማያነብ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በኋላ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ድረ ገጹን አሳመርኩ አለ። ሲያሳምር ቀዩን መስመር አጠፋው። ለምን ሲባል «ዲዛይን ያበላሻል»። እትዬ ምንጭ ያወቀችው ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ እስከ ታች አነበብኩ፣ ምንም የለም» ስትላት ነው። እሳት ጎርሳ ወደ ቢሮው ወጣች፤ እኔም ተከተልኩ።

«ጽሑፉ ዛሬውኑ ይነሳ» አለች።

«በወር ሠላሳ ሺህ ጎብኚ የሚያመጣልንን ገጽ?» አለ ሰውዬው። «ከመመዝገቢያው ገጽ የበለጠ የሚታየው እሱ እኮ ነው! ባይሆን ማመልከቻ ይጻፉ።»

«ሰዎቹ የሚመጡት ታመው ነው! መድኃኒት ፍለጋ ነው የሚመጡት!»

«ማመልከቻ ይጻፉ» አለ።

ሦስት ማመልከቻ ጻፈች። ሦስቱም «በመታየት ላይ ነው» ተባሉ። እኔስ? የይለፍ ቃሉ እኔ ጋ ነበር። በአንድ ጣት ማጥፋት እችል ነበር። ከሥራ እንዳልባረር ፈርቼ አላጠፋሁትም፣ በቃ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከአንድ ወር በፊት፣ ሐሙስ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ሆነና ስልኳ አልጮኸም። ሰባት ሰዓት ላይ ራሷ ደወለች። ወንድሟ አነሱ፤ ምላሳቸው ከብዶ ነበር። በማግስቱ ሄደች። ግራ እጃቸው መሪ ላይ ደንዝዞባቸው መኪናቸውን መንገድ ዳር አቁመዋል፤ ሐኪሙ የደም ግፊታቸው ጣራ መንካቱን፣ ኪኒኑን ዛሬውኑ ካልጀመሩ ሁለተኛ የመትረፋቸው ነገር አጠራጣሪ መሆኑን ነግሯቸዋል። እሳቸው ግን ኪኒን ከተዉ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ሆኗቸዋል። ለምን ብላ ስትጠይቅ ስልካቸውን ሰጧት። ማንበብ ጀመረች። ሁለተኛው መስመር ላይ የራሷን ቃላት አወቀቻቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ መጣች። እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች፣ እሷ እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ «ኮምፒውተርህን ይዘህ ተነስ፤ ምስክር ትሆነኛለህ» አለችኝ።

የወንድሟ ክፍል ንጹሕ ነው። መስኮቱ ሥር ጋዜጣ ላይ የሎሚ ልጣጭ ተሰጥቷል። ቢጫ ውሃ የያዙ ሦስት ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ የኪኒኑ ካርቶን ቴሌቪዥኑ ላይ እንደታሸገ ተቀምጧል። ሳየው ደሜ ፈላ።

«ጋሼ፣ ኪኒኑን ዋጥ።»

«ኩላሊት ያደርቃል አልኩሽ እኮ። በገዛ ኮሌጅሽ ተጽፏል። ማህተሙ ይኸው። ሰው የሚለውን አትመን፣ ምንጩን እይ የምትይኝ አንቺው አይደለሽም? ይኸው አየሁ።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሳቁ፤ የአፋቸው ግማሽ ብቻ ነው የሳቀው። «አንቺ ልጅ፣ ኪኒን ልታስውጪኝ ብለሽ ራስሽን ውሸታም ታደርጊያለሽ?»

«እውነቷን ነው ጋሼ፣ የለጠፍኩትም እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንተ ደግሞ ጓደኛዋ ነህ። ለእኔ ልትመሰክር ኖሯል?»

ኮምፒውተሬን ከፍቼ ያስቀመጥኩትን የድሮውን ቅጂ፣ ከነቀዩ መስመሩ፣ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና «ይኼማ ዛሬ ጠዋትም ይጻፋል» አሉ። ምን ልበል? እሷ ክፍል ውስጥ ስታስተምር የኖረችው ይህንኑ አይደል? አሥራ አንድ ዓመት ካስተማረቻቸው ሁሉ የተሻለ ተማሪ እሳቸው ነበሩ፣ ንዴቴም በዚህ ባሰ።

እሷ ብድግ አለች። በሕይወቷ ወንድሟ ላይ ጮኻ የምታውቅ አይመስለኝም፤ ያን ቀን ግን ጮኸች። «ታች ውረድ! እስከ ታች አንብበኸዋል? ምንጩን አይተኸዋል?»

«ምኑን?»

«መጨረሻ ላይ ያለውን! ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልኝ!»

አውራ ጣታቸው ስልኩን ወደ ታች ገፋ፣ ገፋ። ያ ሰውዬ ቀዩን ሲያጠፋ ምንጮቹን አልነካቸውም ነበር፤ ጽሑፉን የተማረ ሰው የጻፈው ያስመስሉታልና። ወንድሟ እየተንተባተቡ ማንበብ ጀመሩ። «ዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት... ቅጽ ሁለት... ገጽ ሦስት፣ አንድ፣ ሰባት፣ ሁለት...» ቆሙ። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «...ዘጠኝ» አሉ ቀስ ብለው።

እኔ አልገባኝም ነበር። ሠላሳ አንድ ሺህ ገጽ ያለው መጽሔት እንደሌለ ተማሪ እንዲጠረጥር ያስገባችው ነው የመሰለኝ።

«የመጀመሪያዋ መኪናዬ ታርጋ ነው» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፣ እንደ መጠየቅ አድርገው።

«ቁጥር ፈጥሬ መጻፍ ነበረብኝ» አለች። አሁን ድምጿ ወርዷል። «ሌላ በቃሌ የማውቀው ቁጥር አልነበረኝም። ልጅ ሆኜ በር ላይ ቆሜ የምጠብቀው ያንን ቁጥር ነበር።»

ወንድሟ ተነስተው ካርቶኑን ቀደዱ፣ አንድ ኪኒን አወጡ፣ ከቧንቧ በቀዱት ውሃ ዋጡ። እሷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች፤ እኔም የቆምኩበት ጠበበኝ። ኮምፒውተሬን አልጋቸው ላይ አስቀምጬ፣ በራሴ ስምና በራሴ የይለፍ ቃል ገብቼ፣ ገጹን ከኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ አጠፋሁት። ለዚህ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶኛል። ፍሬም ውስጥ አስገብቼ ግድግዳዬ ላይ ልሰቅለው ነው።

«አጠፋሁት» አልኩ፣ ትልቅ ነገር የሠራሁ መስሎኝ።

ወንድሟ ስልካቸውን አዞሩልኝ። ጽሑፉ እዚያው አለ፤ አንድ ሰው በፎቶ አንስቶ ነው የላከላቸው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ማለት ይኼ ነው።

«የላከልኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው» አሉ። «የእሱ ግፊት ከእኔም ይብሳል። እሱም ትቷል። ለእኔ ታርጋዬን አሳየሽኝ፤ ለእሱ የማንን ታርጋ ልታሳዪው ነው?»

ዓይኗን በመሐረቧ ጠረገች፣ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አሰረች።

«ቤቱ የት ነው?» አለች።