ጋሽ ፍሬንና እረፍት ያጣው ፍሪጅ

ጋሽ ፍሬን ዕድሜያቸውን አውቶቡስ መሪ ላይ ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ዶሮ መንገድ ልትሻገር ስታስብ ገና ከሩቁ ፍሬን ይይዛሉ ብለው። ሌላም አመል አለባቸው። ቆሞ የሚያንጎራጉር ሞተር አይወዱም። ተሳፋሪ እስኪሞላ ድረስ እንኳ ያጠፉታል። «መኪናው ቆሞ ሞተሩ ለምን ይለፋል? ይረፍ እንጂ» ይሉ ነበር።

ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚፈልጋቸው ሰው አልነበረም። ሰፈር ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ውለው ይገቡ ነበር። የልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራው ልጃቸው ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ ሕፃኑን ለማን እንደምትተወው ቢጨንቃት፣ «እኔ ምን ሆኜ?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ፍሬን እንደገና ሰው ሆኑ። ልጁን «ጎረምሳው» ይሉታል። ጥርስ የለው፣ ፀጉር የለው፣ ግን እሳቸውን ሲያይ እግሩን ያራግባል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

እናትየው በፋብሪካው ዕቃ ቤት ጥግ ተከልላ ጡቷን እያለበች ወተቱን በትንንሽ ከረጢት ይዛ ትመጣለች። ቀኑን ጽፋበት ፍሪዘር ውስጥ ትደረድረዋለች። ለአባቷ ደኅና አድርጋ ነግራቸዋለች።

«አባዬ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል። ማታ ማታ ከፍሪዘሩ ወደ ታች አወርድልሃለሁ። አንተ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁመህ አሙቅለት፤ እሳት ላይ እንዳትጥደው። ጠጥቶ የተረፈውን ድፋው። አንዴ የቀለጠ ደግሞ ተመልሶ ፍሪዘር አይገባም።»

«ገባኝ። እንደ ወራጅ ነው። አንዴ ከወረደ በዚያው ትኬት አይሳፈርም» አሉ።

እውነት ለመናገር አንዲት አላጓደሉም። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ፣ ቀኑን በመነጽር ያነባሉ። ቀትር ላይ ግን ጎረምሳው ይተኛል፤ ሲተኛ ደግሞ የተባረከ ነው፣ እስኪመሽ አይነሣም። ቤቱ ጸጥ ሲል ያ አሮጌ ፍሪጅ ከጥጉ ማጉረምረም ይጀምራል። ጋሽ ፍሬን ልጁ ይነቃብኛል ብለው ብድግ ይሉና ሶኬቱን ይነቅላሉ። ልጁ ሲነቃ መልሰው ይሰኩታል። ምን ክፋት አለው? በሩ ዝግ ነው፤ ብርዱ በየት በኩል ይወጣል? ሞተሩም ትንሽ ያርፋል።

ከዚያማ የቤቱ ነገር ሁሉ ግራ ገባ። ቀጥ ብሎ የቆመው የወተት ከረጢት በማግስቱ ጎብጦ፣ እንደ ጎበጠ ደርቆ ይገኛል። የበረዶው ጠጠር ተጣብቆ አንድ ጡብ ሆኗል። የሥጋው ደም ፈስሶ ፍሪዘሩ ወለል ላይ ረግቷል። ልጅቷ አባቷ ዕቃ የሚያገላብጡ መሰላት፤ አባትየው ልጃቸው መሰለቻቸው። ውስጥ ውስጡን ግን «በሩን ከፍቼ እየረሳሁት ይሆን? አእምሮዬ ሊከዳኝ ነው?» እያሉ ይፈራሉ። የፍሪጁን በር በትከሻቸው ገፍተው፣ ወንበር አስደግፈውበት ይቀመጡ ጀመር።

ይባስ ብሎ ጎረምሳውን ተቅማጥ ያዘው። ሐኪሟ አይታው፣ «ወተቱ እንዴት ነው የሚቀመጠው?» ብላ ጠየቀች። እናትየው ቤት ገብታ ያንን ሁሉ ከረጢት እየቀደደች ሲንኩ ውስጥ ደፋችው። እየደፋች አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር፣ «አባዬ፣ እንዳይደክምህ ብዬ ነው… ሞግዚት ብቀጥርስ?» አለች።

አመል ያወጣል ከመሐል ይባላል። ጋሽ ፍሬን ከልጁ የሚያወጣኝ የቱ አመሌ ነው ብለው ቢያስቡ ቢያስቡ አልመጣላቸውም።

ፍሪጅ ሠሪ ተጠራ። የበሩን ጎማ ዳበሰ፣ ከኋላ ገብቶ ሞተሩን አዳመጠ። «ጋሼ፣ ይሄ ፍሪጅ ከእኔም ከእርስዎም ጤነኛ ነው» አላቸው። «በኩባያ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። በረዶ ሲሆን ሳንቲም ጣል አድርጉበት። ሳንቲሙ ከሰመጠ ቀልጦ ነበር ማለት ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ሳንቲሙ በረዶው ላይ ጉብ ብሏል። ጋሽ ፍሬን «ዛሬስ ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ በሩን አልነካም» አሉ፤ አልነኩምም። ቀትር ላይ ልጁ ተኛ፣ ሞተሩ ማጉረምረም ጀመረ። ተነሥተው ሶኬቱን ነቀሉና ተመልሰው ተቀመጡ።

ማታ ልጃቸው ፍሪዘሩን ከፈተች። ሳንቲሙ ሰምጦ ኩባያው ውስጥ ከታች ተኝቷል።

«መብራት ሄዶ ነበር?»

«ኧረ አልሄደም።»

«በሩን ከፍተኸዋል?»

«እጄም አልነካው።»

«ታዲያ ይሄ ሳንቲም ምን ሆኖ ነው የሰመጠው?»

«እኔ እንጃ ልጄ። ሞተሩን እንደሆነ እንደ ወትሮው አጥፍቻለሁ፤ በሩ ግን ዝግ ነው የዋለው።»

ልጅቷ ኩባያውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። «እንደ ወትሮው?»

«ልጁ እንዳይነቃ ብዬ ነዋ…» አሉ። ጎባጣው ከረጢት፣ የበረዶው ጡብ፣ የልጁ ሆድ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣባቸው። ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። «እኔ ነኛ» አሉ። «ልጁን ያሳመምኩት እኔ ነኛ።»

ልጅቷ መናደድ ፈልጋ ነበር፤ አልሆነላትም።

«አባዬ፣ ይሄ ልጅ እኮ ሆዴ ውስጥ ሆኖ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ጩኸት ሲሰማ ያደገ ነው። ሞተር እሱን አይቀሰቅሰውም። የሚቀሰቅሰው አንተን ነው።»

ስለ ሞግዚቷ አላነሣችም፤ እሳቸውም ለመጠየቅ ፈሩ። ጠዋት ተነሥተው፣ ለባብሰው፣ ካሁን አሁን በሩ ይንኳኳል እያሉ ጠበቁ። የመጣ የለም። ልጃቸው ጎረምሳውን ክንዳቸው ላይ አስቀመጠችና ሌሊት የረጋው በረዶ ላይ ሳንቲሙን መልሳ አኖረች። «ማታ አየዋለሁ» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ቀትር ላይ ሞተሩ ተነሣ። የጎረምሳው ሽፋሽፍት እንኳ አልተንቀሳቀሰ። ጋሽ ፍሬን ግን ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ሥር አድርገው፣ ሶኬቱን እያዩ እስኪመሽ ፍሬን ይዘው ዋሉ።