ከቁራጭ ምንጣፍ የሠራነው ተራራ

ባለፈው ሳምንት ቶሮንቶ፣ ኢቶቢኮ ሰፈር ያለው መስጊዳችን አዲስ ምንጣፍ ገባለት። ወጣቶቹ ጥቅሉን ከበሩ በኩል ይገፋሉ፣ እኔ ግድግዳ ተደግፌ አመራር እሰጣለሁ። በምንጣፍ ጉዳይ ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው እንዳትፈልጉ፤ ትደክማላችሁ። «ቀስ በሉ፣ ከአንድ ወገን ብቻ አትግፉት» አልኩ። ማን ሰምቶኝ። አንዱ ጎረምሳ «አንክል፣ ሪላክስ፣ ዊ ጋት ኢት» አለና ትከሻውን ሰጥቶ ገፋው። ምንጣፉ መሀሉ ላይ አበጠ፤ እብጠቱ ወደፊት ተጋደመና ራሱ ላይ ተደረበ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ አብሬ ልስቅ ብዬ አቃተኝ።

«አልፕስ» አልኩ።

«ምን አልክ አንክል?»

«ምንም። ወደኋላ ጎትቱትና እንደገና ጀምሩ።»

ነገሩ የሆነው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ያኔ ጸጉሬ ሙሉ ነበር፤ አሁን የምታዩኝ ሰዎች በቃሌ እመኑኝ። ከደሴ ወጥቼ፣ በሱዳን ዞሬ ቶሮንቶ የገባሁት ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን በቆመበት ሰሞን ነው። ቀን ኢቶቢኮ አንድ የምንጣፍ ዌርሃውስ ውስጥ ጥቅል እሸከማለሁ፤ ማታ ብሉር ጎዳና አጠገብ አንድ ሽማግሌ ቤት ቤዝመንት ውስጥ እገባለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ብሉር ላይ ወደነበረችው የሀበሻ ምግብ ቤት እሄድና፣ የክርስቲያን ሥጋ ስለማልበላ ሽሮዬን አዝዤ፣ ቤቱን በሳቅ አፈርሰዋለሁ። «ቀልደኛው መጣ» ይሉኛል፣ ቦታ ይለቁልኛል። ከዚያ እወጣለሁ። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ሳቁም እዚያው ይቀራል። ሰኞ ጠዋት ፎርማኑ «ሞርኒንግ» እስኪለኝ ድረስ አንድም ሰው ድምፄን አይሰማም። እሁድ ከሰዓት አንዳንዴ፣ ድምፄ አለ ወይ ብዬ ጉሮሮዬን እጠርግ ነበር።

የቤቱ ባለቤት ሚስተር ኤግሊ ይባላሉ። ስዊስ ናቸው። ካርታ ሲስሉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ሚስታቸው ሞታለች፤ አንዲት ልጃቸው ሩት ቫንኩቨር ናት። የጫማቸው ድምፅ ጣሪያዬ ላይ ይሰማኛል፤ ከኩሽና ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ኩሽና። ደረጃው ላይ ስንገናኝ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እኔም እነቀንቃለሁ። ወሬያችን ይኸው ነበር።

ጥር ላይ የቤዝመንቱ ሲሚንቶ እግሬን ሊቆርጠኝ ደረሰ። ዌርሃውሱ ቁራጭ ምንጣፍ የሚጥልበት ትልቅ ሣጥን ነበረው፤ ፎርማኑን አስፈቅጄ አንድ ግራጫ ቁራጭ ጠቀለልኩና መጀመሪያ በባስ፣ ከዚያ ከኪፕሊንግ በሰብዌይ ተሸክሜው መጣሁ። ሚስተር ኤግሊ ደጃፉ ላይ በረዶ ይጠርጋሉ። ሲያዩኝ አካፋቸውን አቆሙ።

«ይሄ ግራጫ ከየት ነው?»

«ከሥራ ቦታ።»

«ቀይስ አለ? ጠቆር ያለ ቀይ?»

ሽማግሌው ለይቶላቸዋል አልኩ በልቤ። «እኔ ጋ የማይገኝ ቀለም የለም» አልኳቸው። ምን ላድርግ፣ አመሌ ነው። በነገራችን ላይ የሁለታችንም እንግሊዝኛ አንካሳ ነበር፤ የሳቸው በጀርመንኛ ያነክሳል፣ የኔ በአማርኛ። እዚህ ያቃናሁት እኔ ነኝ።

ወደ ላይ አስገቡኝ። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሳህን የለም፤ በካርቶንና በጨርቅ የተጀመረ ግማሽ ተራራ ተጋድሞበታል። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር መቁረጥ አቅቷቸው ነው የተዉት። የተወለዱበት አገር ነው፣ ግላሩስ፣ አልፕስ ውስጥ። እዚያ ገደሉ ላይ ከሩቅ የሚታይ መስመር አለ አሉኝ፣ በቢላ የተሰመረ የሚመስል። ከመስመሩ በታች ያለው ግራጫ ድንጋይ ድሮ የባሕር ጭቃ ነበር፤ ልጅ ነው። ከመስመሩ በላይ ያለው ጥቁር ቀይ ድንጋይ በዕድሜ ብዙ እጥፍ የሚበልጠው ሽማግሌ ነው። መሀላቸው ስስ፣ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ አለ፤ ከላይ የተጫነው ሲንሸራተት ጨፍልቆ እንደ ቅቤ ለቅልቆታል።

«ገባህ?» አሉኝ። «ሽማግሌው ከላይ፣ ልጁ ከታች። ድንጋይ ሲደራረብ ኋላ የመጣው ነበር ከላይ የሚሆነው፤ የተገላቢጦሽ።»

«ምኑ ነው የተገላቢጦሹ? ትልቅ ሰው ከላይ ነዋ የሚቀመጠው። ልጅ ከላይ ቢቀመጥ ነው እኛ አገር ጉድ የሚባለው።»

አዩኝ። ደግመው አዩኝ። ከዚያ ሳል እስኪይዛቸው ድረስ ሳቁ። «ፕሮፌሰሮቹ በዚህ ነገር ስንት ዘመን ተጣሉ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «መጥተው አንተን መጠየቅ ነበረባቸው።»

እኔም እስከዛሬ እንደዚያ ነው የማስበው።

«ታዲያ ሽማግሌው እንዴት ላይ ወጣ?»

«ተገፍቶ። ከደቡብ። አፍሪካ ናት የገፋችው።»

«እኛ?»

«እናንተ።»

«ይቅርታ እንግዲህ፤ አንዴ መግፋት ከጀመርን ልክ አናውቅም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሺፍት ስወጣ በቀጥታ ላይኛው ቤት ሆነ። ሳቸው ይነድፋሉ፣ እኔ እቆርጣለሁ፣ ሳቸው ይመረምራሉ። የኔ ቦታ የጠረጴዛው ደቡብ ጫፍ ነው። «አፍሪካ፣ ቦታህን ያዝ» ይሉኛል፣ እኔም እጅጌዬን እሰበስባለሁ። ግራጫውን ከሥር አነጠፍን፤ ከላዩ ምንጣፍ ሥር የሚገባውን ስስ ስፖንጅ አደረግን። ለልምምድ በአሮጌ ብርድ ልብስ እገፋለሁ፤ ያብጣል፣ ይተኛል፣ ይደረባል፣ ከዚያ ሙሉው ተንሸራቶ ሄዶ ታናሹ ላይ ይጫናል። እውነተኛው ከኢቶቢኮ እስከ ፒከሪንግ ከተማ፣ አርባ ኪሎ ሜትር የሚያህል መንገድ ነው የተጓዘው፤ ያውም ቶሎ ቶሎ የሚያልፍ ሰብዌይ በሌለበት ዘመን።

ሲርበን ድንች ፈቅፍቀው በቅቤ ይጠብሳሉ፣ እኔ ሚጥሚጣ አመጣለሁ። አሳማ አልበላም ካልኳቸው ማግስት መጥበሻቸው አዲስ ነበር። እኔ ደግሞ ላይብረሪ እየሄድኩ፣ በዲክሽነሪ እየተደገፍኩ ስለ ድንጋይ አነብ ጀመር። ማንም አላስተማረኝም፤ ዛሬ ግን በድንጋይ የሚፎካከረኝ ካለ ይምጣ። እንደዚያ ሳነብ ነው የኛ የደሴው ጦሳ ተራራ እሳተ ገሞራ እየተፋ የደራረበው መሆኑን ያወቅሁት፤ በየተራው፣ ታናሹ ከላይ። ስለ ትልቅና ትንሽ አቀማመጥ ያን ሁሉ ከተናገርኩ በኋላ ይሄን ለሚስተር ኤግሊ የምነግርበት ምክንያት አልታየኝም።

አንድ እሁድ ስልክ ተደወለ። ሩት ናት። በጀርመንኛ አወሩና ዘግተው መጡ።

«ቤቱን ሽጠህ እኔ ጋ ና ትላለች።»

«ምን አሏት?»

«ተራራው ሲያልቅ እመጣለሁ አልኳት።»

ጠረጴዛውን አየሁት። የቀረው ቀዩ ምንጣፍ ብቻ ነው። ቀዩ ደግሞ ካገኘሁት ሰንብቷል፤ አመጣዋለሁ እያልኩ ሳዘገየው አልጋዬ ሥር ተጠቅልሎ ተኝቷል። ከዚያች እሁድ በኋላ ከአልጋው ሥር ይበልጥ ጠለቅ አድርጌ ገፋሁት። ሌላው በቀን የሚሠራውን በሰዓት የምጨርስ ሰው፣ የቶሮንቶ ዘገምተኛ ሆንኩ። አንድ ቀን ሮዝ ቁራጭ አመጣሁ። «ይሄ ተራራ ነው የሠርግ ኬክ?» አሉኝ። ሌላ ቀን ወንዝ እንጨምርበት አልኩ። ጨመርን። የትውልድ መንደራቸውን ቤተ ክርስቲያን ከክብሪት እንጨት እንሥራ አልኩ፤ እስላሙ ሰውዬ ቤተ ክርስቲያን ሠራሁ። ተራራው ካለቀ ጣሪያዬ ላይ የሚሰማ የጫማ ድምፅ አይኖርም፤ ወደ ላይ የምወጣበት ደረጃም አይኖርም። በዚያ ከተማ ከቀልደኛነቴ ሌላ የሚያውቁልኝ ሳቸው ብቻ ነበሩ።

ግንቦት ላይ፣ ረመዳን እንደገባ፣ ሩት ሳትጠራ መጣች። ረጅም፣ የደከማት ሴት ናት። ከሥራ ስመለስ ኩሽና ውስጥ ብቻዋን አገኘኋት።

«ተራራው መቼ ያልቃል?» አለችኝ።

«ትንሽ ይቀረዋል።»

«በመጋቢትም ትንሽ ነበር የቀረው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባቴ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቆ ነበር። አንዴም አይደለም። አልነገረህም?»

«አልነገሩኝም።»

«ቀን አንተ ሥራ ነህ። ማን ያነሳዋል?»

ወደ ቤዝመንቴ ወረድኩና ጣሪያዬ ላይ የሚመላለሰውን ጫማ አዳመጥኩ። 

በማግስቱ ቀዩን ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ ወደ ላይ ይዤ ወጣሁ። ሚስተር ኤግሊ በእጃቸው ዳበሱት።

«በመጨረሻ ተገኘ?»

«ተገኘ።»

«ከየት?»

«ከሩቅ። ተገፍቶ መጣ።»

ሳቅ አሉ። ቀዩን እንደደበቅሁት ያውቁ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ። አፍሪካ ቦታዋን ያዘች፣ ገፋሁ። ቀዩ አበጠ፣ ተጋደመ፣ ተንሸራትቶ ግራጫው ላይ ተቀመጠ። ከልምምዱ ሁሉ የተሻለ ነበር።

«አሁን ደግሞ ዝናብ እንሁን» አሉና ቢላውን ሰጡኝ። በጠመኔ እያሰመሩልኝ ሸለቆዎቹን ቆረጥኩ። አንድ ቦታ ቀዩን ቀደን ሥር ያለው ግራጫ ብቅ አለ፤ ይሄን መስኮት ነው የሚሉት አሉኝ። በስተሰሜን ጫፍ ላይ ከዋናው ተለይታ ቡጢ የምታክል ቀይ ቁራጭ ቀረች።

«ይቺን ረሳናት። ላንሳት?»

«ተዋት። መሀል ያለው ሁሉ ታጥቦ ሲሄድ እንደዚያ ነው የምትቀረው። ብቻዋን፣ የሰው ድንጋይ ላይ።»

«ከየት እንደመጣች በምን ይታወቃል?»

«በማየት። የትም ብትሄድ ድንጋይዋ ያው ነው።»

ቀልድ ፈለግሁ፣ ጠፋ። በጾሙ አሳበብኩ። ሳቸው ቢላውን ተቀብለው አጥፈው አስቀመጡት። «አለቀ» አሉ።

ቅዳሜ ታክሲ መጣ። ተራራው አውሮፕላን ላይ አይገባም፤ ያችን ቀይ ቁራጭ ብቻ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። ቤቱ በጋውን ሳያልፍ ተሸጠ። እኔ ኖርዝ ዮርክ አንድ ፎቅ ላይ ክፍል ያዝኩ፤ ተራራውንም ነቃቅዬ ወለሉ ላይ አነጠፍኩት። ምን ላድርገው፣ ሲሚንቶው ይበርዳል። በቶሮንቶ አልፕስን አንጥፎ የሰገደ ሰው ከኔ በቀር ካለ ንገሩኝ።

እሁድ እሁድ ከቫንኩቨር ኮል ያደርጉልኝ ነበር። «እዚያም ተራራ አለ አይደል?» እላቸዋለሁ። «አለ፤ ግን ገና አልተዋወቅንም» ይሉኛል። ከዚያ፣ «ዛሬ ምን በላህ?» እኔ እደረድራለሁ፤ ዶሮ ወጥ፣ ሳምቡሳ፣ የበግ ጥብስ። «ጥሩ ነው» ይላሉ፣ ከዚያ እንሰነባበታለን።

አንድ እሁድ የደወለችው ሩት ናት። ገና ድምፅዋን ስሰማ አወቅሁ። በሰላም ነው ያረፈው፣ ተኝቶ ሳለ ነው አለችኝ።  ልዘጋ ስል፣ «አባቴ እሁድ እሁድ ጠይቂው ብሎኛል» አለች። «ዛሬ ምን በላህ?»

«ዳቦና ሻይ» አልኩ። እውነቴን ነበር።

ዛሬ አልሐምዱሊላህ ቤቴ ሙሉ ነው፤ ያለኔ ሠርግ አይሞቅም፣ ያለኔ ለቅሶም አይበርድም። ግን አዲስ የመጣ ልጅ ሳገኝ፣ ከየት ነህ የማን ልጅ ነህ አልለውም፤ እሱን ሳየው አውቀዋለሁ። «ዛሬ ምን በላህ?» ነው የምለው። ሁሉም ቀና ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ቁርሱን ምሳውን ይደረድርልኛል። እስከ መጨረሻው አዳምጠዋለሁ፤ ደህና የሚዋሽ አለ፣ እስኪያሳዝን የሚዋሽም አለ። ሲጨርስ «ጥሩ ነው፤ እንግዲህ ከጠገብክ እኔ ስበላ አጠገቤ ትቀመጣለህ» እለውና ይዤው ወደ ቤት እሄዳለሁ።