ግጥም አውራጁ

ደብረ ታቦር ከጓደኞቼ ጋር በስልክ የቡድን ጦርነት እየተጫወትን ነው። አንዱ ገጸ ባሕሪ ሲዘፍን የሁላችንም ጉልበት ይጨምራል። ሙሉቀን ግን ተናደደ፦ "ራሱ አይዋጋም! ከምርኮው ለምን ይካፈላል?"

ዘፈኑ ወደ ልጅነቴ፣ ጉና ግርጌ ወዳለው የጎረቤታችን የገብስ ማሳ መለሰኝ። ደቦ ነበር። አባቴ ማጭዱን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ግጥም ያወርዳል፤ አጫጆቹ እየተቀበሉ አንድ ላይ ጎንበስ ቀና ይላሉ። የገብሱ አቧራ ጉሮሮ ይከረክራል። አንዱ ላቡን እየጠረገ፣ "የዚህ ሰውዬ ማጭድ አፉ ውስጥ ነው እንዴ?" ሲል ሰዉ ሳቀ። ጆሮዬ ጋለ። ሮጬ ሄድኩና፣

"አባዬ፣ እርስዎም ይጨዱ እንጂ!" አልኩት።

ግጥሙን አቋርጦ ማጨድ ጀመረ። ማሳው ጭር አለ። ብዙም ሳይቆይ አንዱ ወገቡን ይዞ ቆመ፣ ሌላው ውኃ ጠየቀ። ባለ ማሳው ወደ ሰማይ እያየ፣ "ኧረ አውርድልን ወንድሜ፣ ደመናው መጣ!" ብሎ ለመነው።

"ልጄ አፈረብኝ" አለ አባቴ፣ ቀና ሳይል።

ዝናቡ ግማሹ ገብስ ሳይታጨድ ደረሰ።

"ለሚቀጥለው ዙር ዘፋኙን አንተ ያዘው፤ ገጣሚ አይደለህ?" አለኝ ሙሉቀን። ሁሉም ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ፤ ባለ መጥረቢያውን ተዋጊ መረጥኩ።