በነጥቦቹ መካከል

የሆስፒታሉን መሣሪያ የሚጠግነውን ሰው ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው አስተዳደር ክፍል ብቻ ነው፤ ለሌላው «ጋሽ ለምን» ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ለምን» እያለ ሰው ሲያሰለች ኖሯል። ሚስቱ እንኳ «ለምን እንዳገባሁህ ብቻ እንዳትጠይቀኝ» ትለዋለች።

ሰሞኑን ልጁ በሰባት ወሯ ወለደች። ከሕፃናት ማሞቂያ ሳጥኖች ባዶ የነበረው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ሙቀት የሚለካው ሴንሰሩ ስለተቀየረ ልኩ ገና አልተስተካከለም። እስከዚያ ሕፃኗ እናቷ ደረት ላይ ተለጥፋ ትሞቃለች። ሐኪሟ ሳጥኑ እስከ ቀትር እንዲደርስ አጥብቃ ነግራዋለች።

ሴንሰሩ የሚልከው ቁጥር ወደ ዲግሪ የሚቀየረው በቀመር ነው። ጋሽ ለምን መጀመሪያ ፖሊኖሚያል ሞከረ፤ መሃሉ ደህና ሆኖ ጫፍና ጫፉ ተወላገደበት። ቀጥሎ አንዱን ፖሊኖሚያል ለሌላው አካፈለ። ኮምፒውተሩ የቀመሩን ቁጥሮች እየነካካ ትልቁን ስህተት ሲያሳንስለት ቆይቶ፣ ሙቀታቸው አስቀድሞ በታወቀ በአሥራ ሁለቱም የሙከራ ነጥቦች ላይ ልክ ግጥም አለለት። ልቡ ቅቤ ጠጣ። የፍተሻ ወረቀቱ ከአሥራ ሁለቱ ሌላ ስለማይጠይቅ ሊፈርም እስክሪብቶ አነሳ።

አመሉ ግን አልለቀቀውም። በነጥቦቹ መካከልስ ምን ይላል? ሴንሰሩን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ነከረና ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ቁጥሩን ተከታተለ። ሠላሳ ሰባት፣ ሠላሳ ስድስት ተኩል፤ ከዚያ ሳይታሰብ ሁለት መቶ አሥር፣ ወዲያው ደግሞ ከዜሮ በታች። የክፍልፋዩ ታህት፣ አካፋዩ ማለት ነው፣ እዚያች ቦታ ላይ ዜሮ ሆኗል፤ የሙከራ ነጥቦቹ ግራና ቀኝ ስለነበሩ አላዩትም። ብርድ ነው ብሎ ያነበበ ሳጥን ደግሞ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይከፍታል። ጋሽ ለምን አፈረም፣ ፈራም።

ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ አስጀመረው፤ አሁን ግን ታህቱ የትም ቦታ ከዜሮ በላይ እንዲሆን ግዴታ ጣለበት። ውጤቱ እንደ ፊተኛው አላማረም፤ በየነጥቡ ጥቂት ጥቂት ይስታል። ውኃውን ሦስት ጊዜ አሙቆ ሦስት ጊዜ አቀዘቀዘ። ቁጥሩ አንዴም አልዘለለም። ለቀትር ጥቂት ሲቀረው ፈረመ።

ሳጥኑን እየገፋ ሲገባ ልጁ ሕፃኗን እንዳቀፈች ጠየቀችው።

«አባዬ፣ ልክ ነው?»

«አይደለም» አላት። «እስከ አንድ አሥረኛ ዲግሪ ይሳሳታል። ከዚያ በላይ ግን የትም ቦታ አይስትም፤ በየመሃሉ እየገባሁ አይቼዋለሁ።»

ፊቱን ትንሽ አየችውና ሕፃኗን ከደረቷ አላቅቃ ሰጠችው።